«ኮድ የለውም»፦ ታይቶ የሚጠፋ የካምቢዮ ችግርና የምርመራው ጉድለት

አጎቴ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። ለሐበሻ ምግብ ቤቶች እንጀራና ቅመም የሚያመላልሱባት አሮጌ ቫን አለቻቸው፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። ባለፈው ሐምሌ ቫኗ አመል አወጣች። አውራ ጎዳና ላይ ደህና እየሄደች ሳለ በድንገት ማርሽ ትወርዳለች፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ ነዳጅ ቢረግጡም ባይረግጡም ከሁለተኛ ማርሽ አትወጣም። አጎቴ ዳር ይዘው ያጠፏታል፣ መልሰው ያስነሷታል። በቃ፣ ደህና! ለአሥር ቀን ያህል ምንም የማታውቅ መስላ ትሠራለች። ከዚያ እንደገና።

ሦስት ጋራዥ ሄዱ። የመጀመሪያው ስካነር ሰክቶ «ኮድ የለውም፣ መኪናዎ ደህና ነው» አላቸው። (አጎቴ የጓደኛ ምክር ሰምተው ከአንድ ቀን በፊት የባትሪውን ካቦ ነቅለው መልሰው ነበር። ኮዱ አብሮ ተሰርዟል ማለት ነው።) ሁለተኛው ኮድ አገኘ፤ የፍጥነት ሴንሰር ቀየረ፤ በዘጠነኛው ቀን ችግሩ ተመለሰ። ሦስተኛው ደግሞ ያው ኮድ መመለሱን አይቶ «ሴንሰሩ አዲስ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው፣ ካምቢዮው ይውረድ» ብሎ ሦስት ሺህ ዶላር ጠየቀ። ቫኗ ራሷ ብትሸጥ ያን ያህል አታወጣም። ያኔ ነው ስልክ የተደወለልኝ፦ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? ና እስቲ ይህችን ጉድ እያት!»

የመኪና መካኒክ አይደለሁም። የማጠናው የቁጥጥር ምህንድስና ነው፤ ማሽን በሴንሰር የሚያየውን እንዴት ተርጉሞ እንደሚወስን ማለት ነው። የቫኗን ሥሪት ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደለም። መካኒኮቹን ልከስም አልፈልግም። የምተቸው ሦስቱም የተከተሉትን ዘዴ ነው። የዛሬው የመኪና ምርመራ፣ ስካነሩም የጥገና መጽሐፉም፣ የተሠራው ቆሞ ለሚጠብቅ ብልሽት ነው። መጥቶ ለሚሄድ ብልሽት ያው ዘዴ ሲሠራበት ውጤቱ ግምት ይሆናል፣ ያውም በመሣሪያ የታገዘ ግምት ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ካምቢዮው የት እንዳለ በምን ያውቃል?

ለዝርዝሩ በደንብ የሚታወቅ አንድ ካምቢዮ ልውሰድ። ክራይስለር ኤ-604 ብሎ የሰየመው፣ «አልትራድራይቭ» በሚል ስም የታወቀው ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል መኪኖች ላይ ወጣ። ቆይቶ 41ቲኢ ተባለ፤ እንደ ዶጅ ካራቫን ያሉ ቫኖችን ለዓመታት ነድቷል። ከእሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች መቼ ማርሽ እንደሚቀይሩ የሚወስኑት በዘይት ግፊት፣ በቫልቭና በሞላ ነበር። ይሄኛው ግን ውሳኔውን ለኮምፒውተር ሰጠ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ አሁን በስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ እንዴት ያውቃል? ማርሹን የሚያይ ዓይን የለውም። ያለው ሁለት የፍጥነት ሴንሰር ነው፤ አንዱ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ፣ ሌላው የሚወጣውን ይቆጥራል። የሚገባውን ለሚወጣው ያካፍላል። መልሱ 2.84 ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ 1.57 ከሆነ ሁለተኛ፣ 1.00 ከሆነ ሦስተኛ፣ 0.69 ከሆነ አራተኛ። በቃ ይሄው ነው። መግቢያው በደቂቃ 1,570 ዙር፣ መውጫው 1,000 ዙር ቢሆን «ሁለተኛ ላይ ነኝ» ይላል። ሁለተኛ አዝዞ ሳለ መልሱ 1.80 ቢመጣበት ደግሞ የሚገባው ዘንግ ከሚገባው በላይ እየተሽከረከረ ነው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። በአንዲት የማካፈል ስሌት ማርሹንም ጤንነቱንም ማወቅ ይቻላል። እኔ ይሄን ንድፍ ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል።

ሴንሰሮቹም ቀላል ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ካምቢዮ ውስጥ ያለው ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ጥርስ ያለው ጎማ በፊቱ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስኩ ይለዋወጣል፣ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ነገር፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ቮልቴጁ ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፣ ቀስ ሲባል ይደክማል። ደካማ ምልክት ደግሞ በደካማ ሽቦ ላይ በቀላሉ ይጠፋል።

እያነከሱ ቤት መግባት

ስሌቱ ትርጉም ሲያጣ፣ ማለትም ከየትኛውም ማርሽ ጋር የማይገጥም ቁጥር ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ እጁን ያነሣል። ለሶሌኖይዶቹ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ዘይቱ በራሱ መንገድ ሁለተኛ ማርሽን እንዲይዝ አድርገው ነው የሠሩት። ሁለተኛ ማርሽ ከቆመበት ለመነሣት አቅም አለው፣ በመጠነኛ ፍጥነትም ያስኬዳል፤ እያነከሱ ቤት ለመግባት ይበቃል። ሁኔታውን ሊምፕ ሞድ የሚሉትም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ቢሞት እንኳ መንገድ ላይ አትቀሩም።

ለካምቢዮው ደኅንነት ግሩም ነው። ለመርማሪው ግን መከራ ነው፣ ምክንያቱም ቁልፉ ጠፍቶ ሲበራ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት ብልሽቱ ካልታየ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ያገኘዋል፦ አጥፍቶ ማስነሣት። መድኃኒቱ ስለሚሠራም ወራት ያልፋሉ። አጎቴ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንደዚያ ሲኖሩ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ነገር አልተመዘገበችም፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን ፍጥነት፣ መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር። ማሽኑ ጥበቃውን ሠርቷል፣ ማስረጃውን ግን ማንም እንዲይዝለት አላደረገም። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው መብራት «ጋራዥ ሂድ» ከማለት ይልቅ «ሳታጠፋው በፊት ይሄንን ጻፍ» ብትል ኖሮ ስንት ካምቢዮ በከንቱ ከመፈታት ይድን ነበር!

የኮዱ ጉዳይ

አሁን ወደ ስካነሩ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም ቀላል መኪኖች ላይ የግድ የሆነው ኦቢዲ-2 የሚባለው የምርመራ ሥርዓት የተወለደው ለካምቢዮ ሳይሆን ለጭስ ነው። ዓላማው የአየር ብክለትን መቆጣጠር ነበር። ለዚያ ሥራ ሸጋ ነው፦ አንድ ዓይነት ሶኬት፣ አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ፣ ኮዱ ሲመዘገብም የዚያችን ቅጽበት ፍጥነትና የሞተር ሙቀት እንደ ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጣል። ካምቢዮ ላይ ሲመጣ ግን ርካሽ ስካነሮች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ፒ0700 የሚለውን ብቻ ነው። ትርጉሙም «የካምቢዮውን ኮምፒውተር ጠይቅ» ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «ሐኪም ዘንድ ሂዱ» እንደ መባል ነው። ኮዱም ዘላለም አይቆይም፤ ብልሽቱ ሳይደገም ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ ከቀዘቀዘ ይሰረዛል።

ትልቁ ስሕተት ግን ንባቡ ላይ ነው። ፒ0720 የሚለውን ኮድ ውሰዱ። ሰዎች «የመውጫ ፍጥነት ሴንሰር» ብለው ያነቡታል፤ ሙሉ ስሙ ግን «የመውጫ ፍጥነት ሴንሰር ሰርኪዩት» ነው። ሰርኪዩት የምትለዋ ቃል ስትዋጥ ሦስት ሺህ ዶላር ትመጣለች። ሰርኪዩት ማለት ሴንሰሩ፣ ሁለት ሽቦ፣ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉ ሶኬቶች፣ በሶኬቶቹ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ፒኖች፣ የኮምፒውተሩ መግቢያ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ከነዚህ አንዱን ቀየረ። ሦስተኛው ደግሞ «አንዱ ተቀይሮ ካልዳነ ሌሎቹም ደህና ናቸው» ብሎ ወደ ካምቢዮው ሆድ ገባ። ክፍል ውስጥ ብናገኘው ዜሮ የምንሰጠው ዓይነት አመክንዮ ነው። ግን የጥገና መጽሐፉም ሠንጠረዥ ራሱ ከዚህ ብዙም አይሻልም። የሴንሰሩን ሬዚስታንስ ለካ፤ ልክ ከሆነ ሽቦውን ለካ፤ ልክ ከሆነ ኮምፒውተሩን ቀይር። እያንዳንዱ ሣጥን «ብልሽቱ አሁን አለ» ብሎ ነው የሚነሣው። ብልሽቱ ቡና ሊጠጣ ሄዶ ከሆነ ሁሉም ልክ ይሆንና ጣት ወደ ኮምፒውተሩ ይቀሰራል።

መለኪያውም ያታልላል። መዳብ በሞቀ ቁጥር ሬዚስታንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሄድ 31 በመቶ ያህል ማለት ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ የተለካ ሴንሰር ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ሴንሰር አይደለም። ሽቦ ላይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ አንድ ክር ብቻ ሲቀርለት በመልቲሜትር ብትለኩት «ሙሉ ነው» ይላችኋል፣ መልቲሜትሩ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ። ወደ ሶሌኖይድ በሚሄድ መስመር ላይ ይሄ ልዩነት ይገድላል፦ በዛገ ሶኬት ላይ 2 ኦም ቢጨመር፣ በመስመሩም 1 አምፔር ቢያልፍ፣ ከ12 ቮልቱ 2ቱ እዚያው ሶኬቱ ላይ ይቀራል። የኦም ሕግ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ተምረነዋል። መለካት ያለበት ሥራ ላይ ሳለ ነው፣ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሽቦው እየተነቀነቀ።

ዘይቱን ሳላነሣ እንዳላልፍ። ከኮምፒውተር በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። ዘይት ሲጎድል ቫኗ ስትታጠፍ ወይም ፍሬን ስትይዝ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ ስለሚታመቅ ግፊቱ ይዋልላል፣ ማርሹም አብሮ። ይሄም መጥቶ የሚሄድ ችግር ነው፣ ግን ምንም ሴንሰር አልተበላሸም። የዘይቱ ዓይነትም ቀልድ አይደለም። በአልትራድራይቭ መጀመሪያ ዓመታት የዘይት መለኪያው ዘንግና የባለቤቱ መጽሐፍ፣ የክራይስለር ዘይት ካልተገኘ ዴክስሮን መጠቀም እንደሚቻል ይገልጹ ነበር። የዴክስሮን የሰበቃ ጠባይ ግን ለዚያ ካምቢዮ አልተስማማም፤ ብዙ መንቀጥቀጥና መሰበር አስከትሏል። ያን ሁሉ በሴንሰር የተሞላ ብልህ ማሽን ሠርቶ በዘንጉ ላይ በታተመ አንድ መስመር ማበላሸት! የዚህ ንድፍ ትልቁ ነውር ለእኔ ይሄ ነው።

የአጎቴ ቫን ዘይት ግን ልኩ ሙሉ፣ ቀለሙም ጥሩ ነበር። ጠቁሮና ተቃጥሎ የሚሸት ቢሆን ኖሮ፣ ማንሸራተቱም ቀስ በቀስ የመጣ ቢሆን፣ ሦስተኛው መካኒክ ልክ ነበር፤ እኔም ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

17 ጂ

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ስሌቱ ተሳስቷል፣ እሺ። የተሳሳተው ካምቢዮው እውነት ስላንሸራተተ ነው ወይስ ሴንሰሩ ስለዋሸ? ኮዱ ሁለቱን ላይለይ ይችላል። ግራፍ ግን ይለያል፣ ለዚያውም በኒውተን ፊዚክስ ብቻ።

ቫኗ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደች ነው እንበል፣ በሰከንድ 16.7 ሜትር ገደማ። የመውጫው ዘንግ ከጎማዎቹ ጋር በጥርስ የተያያዘ ነው፤ ጎማ ካልቆመ እሱ አይቆምም። አሁን ግራፉ ላይ የመውጫው ፍጥነት በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ዜሮ ገባ። እውነት ቢሆን ቫኗ የቀነሰችው 167 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ከመሬት ስበት 17 እጥፍ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን እስከ ጥግ ቢረገጥ የሚገኘው 1 ጂ ገደማ ነው። 17 ጂ ቢሆን ኖሮ እንጀራው ሁሉ መስተዋቱ ላይ ይለጠፍ ነበር! አጎቴ ግን መሪያቸውን ይዘው እያወሩኝ ነው። ስለዚህ ዘንጉ አልቆመም፤ የቆመው ወሬው ነው። ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት መልኩ ሌላ ነው፦ መውጫው እንዳለ ይቀጥላል፣ መግቢያው ነው ቀስ እያለ ከሚገባው በላይ የሚወጣው።

ይህን ለማየት መጀመሪያ በስልክ የሚሠራ ርካሽ ማንበቢያ ሞከርሁ። አልረባኝም። የእኔው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ለ0.05 ሰከንድ የሚጠፋ ምልክትን የማግኘት ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ለስላሳ ግራፍ ለስላሳ የሆነው መሐሉን ስላላየ ነው። ከቤተ ሙከራ ትንሽ ኦሲሎስኮፕ ተውሼ በሴንሰሩ ሽቦ ላይ አያያዝሁ። እሳቸው ነዱ፣ እኔ ከጎን ተቀምጬ ተመለከትሁ። (ብቻችሁን ሆናችሁ እየነዳችሁ እንዳትሞክሩት።) ሦስት ቀን ምንም የለም። ሞገዱ ሲፈጥኑ ያድጋል፣ ሲቀንሱ ይኮሰምናል፣ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው። አጎቴ «አንተ ስላለህ አፍራ ነው» አሉ።

በአራተኛው ቀን አንድ ድልድይ ላይ፣ ኮንክሪቱ የሚገናኝበት ጉብታ ላይ ስንወጣ፣ ሞገዱ ተቆረጠ። ሁለት አጫጭር መቆራረጦች፣ ሁለቱም ከግማሽ ሰከንድ በታች፤ ቫኗ ምንም አላለች። ቀጥሎ ከሰከንድ የሚበልጥ ዝምታ። ያኔ ሞተሩ ጮኸ፣ ሁለተኛ ማርሽ።

«ጋሼ፣ እንዳያጠፏት!»

ዳር ይዘን እየሠራች ቆመች፣ ፍሬኑን አጥብቀው ያዙ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የሽቦውን ጥቅል ሶኬቱ አካባቢ በእጄ ነቀነቅሁ፣ ከሚሽከረከርና ከሚያቃጥል ነገር ርቄ። ቆማ ስለነበረች ከሴንሰሩ የሚጠበቅ ሞገድ የለም፤ ግን በነቀነቅሁ ቁጥር መስመሩ ላይ ሹል ጫጫታ ይዘል ነበር። ቤት ደርሰን ጥቅሉን ስንፈታው አንደኛው ሽቦ ከብረት ማሰሪያ ጋር ሲፋተግ ሽፋኑ ተልጦ፣ ክሮቹ ተበጣጥሰው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቀርተዋል። ከሴንሰሩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። አዲስ ሴንሰር የገጠመው ሰው እጁ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር።

መካኒኮቹን አልከስም ያልኩት ለዚህ ነው፦ እኔ ያጠፋሁትን አራት ቀን ማን ይከፍላቸዋል? አሜሪካ ውስጥ በብዙ ጋራዦች መካኒክ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ በተተመነ ሰዓት ነው። ዕቃ መቀየር ተመን አለው። ከሾፌር ጎን ተቀምጦ ድልድይ መጠበቅ ብዙውን ጊዜ የለውም። ሾፌሩም «ለምን ቆየ?» ይላል እንጂ «ምን አየህ?» አይልም።

ሽቦውን በጥሰን በሶልደር ቀጠልነው፣ ሸፈንነው፣ ከማሰሪያው አራቅነው። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ደውለው «ተፈወሰች!» አሉኝ። እዚህ ላይ ራሴንም ጭምር መተቸት አለብኝ፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ ያለዎት» ልል ነበር። ሁለተኛው ጋራዥም እኮ በስምንተኛው ቀን ላይ እንደዚህ ሊል ይችል ነበር።

ቁጥሩን አብረን እናስላው። አጎቴ በቀን አንድ ዙር ይሄዳሉ፣ ችግሩ በአማካይ ከአሥር ዙር በአንዱ ይመጣል እንበል። ምንም ሳይጠገን አንድ ዙር በሰላም የማለፍ ዕድል 0.9 ነው። ሦስት ዙር፣ 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ 0.73። ማለትም ምንም ባንሠራ እንኳ ሦስት ቀን በሰላም የመክረማችን ዕድል 73 በመቶ ነበር። በአሥር ዙር 35 በመቶ፤ ገና ብዙ ነው። ከ5 በመቶ በታች ለመውረድ 29 ዙር ያስፈልጋል። እዚህ ስሌት ውስጥ እያንዳንዱ ዙር ከሌላው ጋር አይገናኝም ብዬ ገምቻለሁ፤ የተፋተገ ሽቦ ደግሞ እየባሰ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ መነሻ ውሰዱት። ግን የጋራዥ ደረሰኝ ላይ «ተሞክሯል» ተብሎ ሲጻፍ ስንት ዙር እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

አጎቴ ስሌቱን ስነግራቸው ሳቁ፤ ግን የወጥ ቤት ካላንደር ላይ በየማታው መስመር ማስመር ጀመሩ። ትናንት ስደውል 23ኛዋን አስምረው ነበር።